የጋሽ ራንጌል ሁለት መቶ ወንበሮች

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የመንግሥት አሮጌ ዕቃ ስሸጥ ኖሬያለሁ። ነጋዴ ነበረች እንዳትሉኝ፤ የአውራጃው ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወንበሩን፣ ጤና ጣቢያ ሲዘጋ አልጋውን፣ ጦር ሰፈር ሲበተን ምድጃውን ቆጥሬ፣ በቀይ ቀለም የመጣበትን መንደር የሚለይ ቁጥር ጽፌበት፣ መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ። ከዚያ በየወሩ የመጨረሻ ሐሙስ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው መጋዘን ሐራጁን እጠራለሁ። በእኛ በሰሜን ምዕራብ ቡልጋሪያ ይህ ሥራ እረፍት አያውቅም፤ የሚዘጋ ነገር ሞልቷል። ሰዉ ወይ ሶፊያ ገብቷል፣ ወይ ጀርመን ሄዷል፣ ወይ ሞቷል። የቀረው ወንበሩ ነው፤ ወንበሩን ደግሞ እኔ እሸጠዋለሁ።

ሥራዬን እወደው ነበር ብዬ አልዋሽም። መጋዘኑ በክረምት በረዶ ቤት ነው፣ በበጋ ምድጃ ነው፤ ተጫራቾቹም ቢሆኑ ከሃያ አይበልጡም፣ የሁሉንም ሳል ሳይቀር በጆሮዬ እለየዋለሁ። ከነዚያ ሁሉ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እንኳ ከዓይኔ ያልጠፋው አንድ ሰው ነው። ጋሽ ራንጌል ይባላል።

ጋሽ ራንጌል ስታኖቭ ዶል ከሚባል የሸለቆ መንደር የሚመጣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ አናጺ ነበር። ጥቁር ቆቡን ከራሱ አያወልቅም። አሮጌ ላዳ አለችው፤ ከኋላዋ ራሱ የሠራትን ተጎታች ያስራል። የሚገዛው ማንም ዞር ብሎ የማያየውን ዕቃ ነው። የትምህርት ቤት ወንበር፣ የጤና ጣቢያ አግዳሚ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የተዘጋ ፖስታ ቤት መስኮት ከነጠረጴዛው ገዝቷል። መነሻው ዋጋ ሲጠራ አንድ ጊዜ እጁን ያነሳል፤ ሌላ ሰው ከጨመረ ይተወዋል። ካገኘ ደግሞ ዕቃውን እንደ ሕፃን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ በገመድ አስሮ፣ ቻው እንኳ ሳይል ይሄዳል።

ስለ እሱ ያልተወራ ነገር የለም። ሶፊያ ውስጥ ሀብታም ደንበኛ አለው አሉ። ለፊልም ሠሪዎች ያከራያል አሉ። ከሁሉም በላይ የሚያብሰለስለው ቦጎሚልን ነበር። ቦጎሚል ቁራሌ ነው፤ ብረትና መዳብ በኪሎ ይገዛል፣ ሆዱ ከሱ ቀድሞ በር ይገባል፣ ምላሱ አይያዝለትም። ክፉ ሰው ግን አይደለም። ገበያ ሲያመልጠው አይወድም እንጂ።

«ጋሽ ራንጌል!» ይለዋል ገና ከበሩ። «ዛሬም ወንበር? ኧረ ሶፊያ የሚቀመጥ ሰው አላለቀም እንዴ?»

«አላለቀም» ይላል ራንጌል፤ ቀጥ ብሎ ያልፋል።

«ይሄ ቀበሮ ምን እንደሚያሸት ባወቅሁ፣ አንዱን ጆሮዬን ቆርጬ በሰጠሁ!» ይላል ቦጎሚል ለሰዉ። ሰዉ ይስቃል።

አሁን ስለ ጠረጴዛው መናገር አለብኝ። ከሐራጁ በፊት ተጫራቾቹ ሁሉ ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ባለው ቡና ቤት ይሰበሰባሉ። እዚያ አንድ ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ደግሞ የራሱ ደንብ አለው። ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ እኔ ስቀጠር ነበረ። አንድ ሰው የፈለገውን ዕቃ ስም ጠርቶ፣ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ «ለቤት ነው» ካለ፣ በዚያ ዕቃ ላይ ማንም አይጨምርበትም። በመነሻው ዋጋ ይወስደዋል። «ለንግድ ነው» ካለ ግን እዚያው መጋዘን ውስጥ ይዋጣላቸዋል። ለቤት ነው ያለውን ሰው መጀመሪያ ይቀልዱበታል፤ ለማን ነው፣ ለየትኛዋ ሙሽራ ነው፣ የት ልታስቀምጠው ነው እያሉ ያፋጥጡታል። እሱም ያስረዳል። ከዚያ ሁሉም ብርጭቆውን አንስቶ «ለቤትህ ይባርክልህ» ይለዋል፤ ነገሩ አለቀ። አንድ ሰውዬ እንዲህ ብሎ የወሰደውን ምድጃ በሳምንቱ ገበያ ላይ ሲሸጥ ተያዘ፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ጠረጴዛ ሰላምታ የሚሰጠው እንኳ አጣ።

ሕጉ ይህን መመሳጠር ይለዋል። እኔ ያወጣሁት ሕግ ስላልሆነ በመስኮት እያየሁ ዝም እላለሁ።

ጋሽ ራንጌል በዚያ ጠረጴዛ አንድ ቀን ተቀምጦ አያውቅም። ሌሎቹ ቡና ቤት ውስጥ ሲንጫጩ እሱ መጋዘኑ ደረጃ ላይ ብቻውን ይቀመጥና ከወረቀት ውስጥ ዳቦና ነጭ አይብ አውጥቶ ይበላል። ሲጨርስ ፍርፋሪውን ለድንቢጦች ያራግፋል፣ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከተዋል። ኩራት ነው ይሉ ነበር። እኔም ለብዙ ጊዜ ኩራት መስሎኝ ነበር።

ስታኖቭ ዶልን አውቀዋለሁ። እንደተቀጠርኩ ሰሞን የመንደሩን ንብረት ልቆጥር ሄጄ ነበር፤ ያኔ ሦስት መቶ ያህል ሰው ይኖርበታል። የመንደሩ አስተዳደር ጸሐፊ ስታሜና የምትባል ደልደል ያለች፣ ሳቂታ ሴት ናት። ቢሮዋ ውስጥ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ የእንጨት ሣጥን አለ፤ ከላዩ ማይክራፎን ተተክሎበታል፣ ከሱ የሚወጣው ሽቦ በየመንገዱ ምሰሶ ላይ ወደተሰቀሉት ጡሩምባዎች ይሄዳል። ማታ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ስታሜና ጉሮሮዋን ጠርጋ ማስታወቂያ ታነባለች። ያን ዕለት ያነበበችውን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ።

«ትኩረት! ትኩረት! ነገ ጧት ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ውሃ አይኖርም። የጫጩት ሻጩ መኪና አርብ አደባባዩ ላይ ይቆማል። የፔንካ ቀይ ላም ጠፍታለች፤ ያየ ይናገር።» ትንሽ ዝም አለችና ደግሞ፣ ድምፅዋን እንኳ ሳትለውጥ፣ «ራንጌል፣ እራት ቀርቧል፤ ግባ።»

መንደሩ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። በመስኮት ሳይ አንድ ረጅም ሰው ከመንደሩ ማዶ ካለው የአናጺዎች ማኅበር ወጥቶ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ፣ አንገቱን ደፍቶ በዋናው መንገድ ይመጣል። በየደጁ የተቀመጡት «ፍጠን ራንጌል፣ ይቀዘቅዛል!» ይሉታል። ስታሜና መብራቱን እያጠፋች «ከተጋባን ሃያ ዓመት ሆነን፣ እስካሁን አልለመደውም» አለችኝ። በየቀኑ ነው እንዴ ብላት «ታዲያ ሳይበላ ይደር?» አለችኝ።

ስታሜና ሞተች። ልጅ አልነበራቸውም። ከዚያ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያው፣ ከዚያ ፖስታ ቤቱ፤ በመጨረሻ አሥራ አንድ ሰው ሲቀር አስተዳደሩም ተዘጋ። ወረቀቱ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲንከባለል አራት ዓመት ፈጀ። በአምስተኛው ዓመት ግንቦት ላይ ያ አረንጓዴ ሣጥን አቧራ ለብሶ መጋዘኔ ገባ። መዝገቡ ላይ በራሴ እጅ «ሎት አሥራ ሰባት፦ ድምፅ ማጉያ ከነሣጥኑና ከነማይክራፎኑ፣ የማይሠራ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሎት የምንለው ዕቃው ለሐራጅ የሚጠራበትን ተራ ቁጥር ነው።

ከሐራጁ በፊት ያለው ረቡዕ ዕቃ የሚታይበት ቀን ነው። ጋሽ ራንጌል መጣ። ወንበሮቹን ዞር ብሎም አላያቸው፤ ቀጥ ብሎ ሎት አሥራ ሰባት ፊት ቆመ። ቆቡን ሲያወልቅ ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ያየሁት፤ ፀጉሩ ነጭ ነበር። የማይክራፎኑን አቧራ በእጅጌው ጠረገ። ከዚያ በአንድ ጣቱ፣ እንዳይነቃ የፈለገ ይመስል፣ ነካው።

መዝገቤን ዘግቼ ወደሱ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ነገ ከሐራጁ በፊት ቡና ቤቱ ግባ» አልኩት።

«ቡና እንቅልፍ ይነሳኛል።»

«ቡናውን ተወው። እጅህን ጠረጴዛው ላይ አድርገህ ሁለት ቃል ተናገር። ማንም አይነካብህም።»

«ለቤት ነው ልበል?»

«አዎ። ለቤት ነው በላቸው።»

ቆቡን በእጁ እያዞረ ቆየ። «ለየትኛው ቤት?» አለኝ።

ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ አይቼው በማላውቀው አኳኋን አፉ ተፈታ።

«ይጠይቁኛል እኮ ራይና፣ ልጄ። ለማን ነው ይሉኛል። አይሠራም እኮ፣ ምን ያደርግልሃል ይሉኛል። ምን ልበላቸው? ያ ቦጎሚል ደግሞ ይስቃል። እሷን ጠረጴዛ ላይ አውጥቼ ለሳቅ አልሰጣትም።»

«አይስቅም ጋሼ። ስትነግረው አይስቅም።»

አገጩን ወደ ላይ አነሳ፤ አይሆንም ማለቱ ነው። «በወጉ እጫረታለሁ» አለና ቆቡን አድርጎ ወጣ።

ለቦጎሚል እኔው መንገር እችል ነበር። ቡና ቤቱ መንገዱን ተሻግሮ ነው፤ ሃምሳ እርምጃ አይሞላም። ግን ሐራጅ ጠሪ ስለ አንዱ ተጫራች ለሌላው መናገር ክልክል ነው። ያን ሌሊት ለራሴ ደጋግሜ ያልኩት ይህንን ነው፤ ክልክል ነው። የጠረጴዛውን መመሳጠር ሃያ ዓመት ዓይኔን ጨፍኜ ያለፍኩ ሴት፣ ሕግ ትዝ ያለኝ ያን ቀን ነው። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

ሐሙስ ደረሰ። ቡና ቤቱ ውስጥ ይንጫጫሉ፤ ጋሽ ራንጌል ደረጃው ላይ ዳቦውን ይበላል። የሐራጁን የእንጨት መዶሻ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ሁለት ጊዜ ተነሳ። አንዴ መንገዱን እስከ ግማሽ ተሻግሮ ነበር፤ ከውስጥ ትልቅ ሳቅ ሲሰማ ተመለሰ። በኋላ እንደሰማሁት የሳቁት ስለ አንድ የታመመ አህያ ነው።

ሎት አሥራ ሰባት ስል ጋሽ ራንጌል እጁን አነሳ። ቦጎሚል ሣጥኑ ውስጥ ያለውን መዳብ በልቡ መዝኖ ኖሮ እንደ ዘበት አንድ ጊዜ ጨመረ። ሌላ ቀን ቢሆን ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። ጋሽ ራንጌል ግን እጁን ደግሞ አነሳ።

ያ ሰው እጁን ሁለት ጊዜ ሲያነሳ ያየ በዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም። ቦጎሚል ዞር ብሎ ከእግር እስከ ራሱ አየው፤ ከዚያ ሣጥኑን አየው። ነገሩ የገባው መሰለው። ቀበሮው ከመዳብ የበለጠ ነገር አሽቷል! እሱም ጨመረ። ራንጌል ጨመረ። ቦጎሚል ጨመረ። ከኋላ ያሉት ሁለት ሰዎች ደግሞ ምን እንደሚሸጥ እንኳ ሳያውቁ ገቡበት፤ ራንጌል ከፈለገው ወርቅ አለበት ብለው። ራንጌል እጁን ባነሳ ቁጥር ዋጋውን በራሱ ላይ ያንረው ነበር። በመነሻው ሊተውለት የሚችል ቤት ሙሉ ሰው፣ በእሱ ዓይን እየተመራ ተረባረበበት።

አጠራሬን አዘገየሁ። «አንደኛ...» ብዬ ጋሽ ራንጌልን አየሁት። አሁንም አልረፈደም፣ ሁለት ቃል ነው፣ እዚሁ በለው ብዬ በዓይኔ ለመንኩት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ድምፅ ግን አልወጣም። ከደረት ኪሱ ቦርሳውን አወጣ፣ ከፍቶ ውስጡን አየ፣ ዘጋው።

«ሁለተኛ...»

ቆቡን ወደ ዓይኑ ዝቅ አደረገ።

«ሦስተኛ!» አልኩና መዶሻውን መታሁ። በራሴ እጅ።

ቦጎሚል ደስታው ፊቱ ላይ አልበቃ ብሎት መጥቶ የጋሽ ራንጌልን ትከሻ ቸብ ቸብ አደረገ። «አይዞህ ጋሼ! ሁልጊዜ አንተ ብቻ ታሽትታለህ እንዴ? አንዳንዴ ለእኛም ተውልን!»

ጋሽ ራንጌል ቀና ብሎ አየውና «ለቤትህ ይባርክልህ» አለው።

«ኧረ ለንግድ ነው!» ብሎ ሳቀ ቦጎሚል።

«አውቃለሁ» አለ ጋሽ ራንጌል።

ያን ቀን ወንበር አልገዛም። ባዶዋ ተጎታች እየተንኳኳች ስትሄድ እስከ መታጠፊያው ድረስ ትሰማኝ ነበር። በቀጣዩ ወር አልመጣም። ደረጃው ላይ ድንቢጦቹ ብቻ መጥተው ጠበቁ።

ከዚያ በኋላ አልቻልኩም። ቦጎሚል ግቢ ሄድኩና በተከመረ የብረት ድስትና ምጣድ መሃል አቁሜው ሁሉን ነገርኩት፤ ስለ ስታሜና፣ ስለ አሥራ ሁለት ሰዓቱ፣ ስለ እራቱ። ሰምቶ ሲጨርስ ፊቱ በርበሬ መሰለ።

«ለምን አልተናገረም?» ብሎ ጮኸ። «ሁለት ቃል እኮ ነው! እኔ ሰው አይደለሁም? አውሬ ነኝ?»

«ትስቃለህ ብሎ ፈራ።»

«እኔ እስቃለሁ?» አለና ዓይኑን ወደ ብረቱ ክምር መለሰ። ምናልባት ሊስቅ ይችል እንደነበር ትዝ ብሎት ይሆናል። ከዚያ ወደኔ ዞረ። «አንቺስ? ሁሉን ታውቂ ነበር። አንቺ አፍ የለሽም?»

ይህንን ጥያቄ ሃምሳ ቀን ስሸሸው ነበር፤ ከሰው አፍ ስሰማው ግን የባሰ ከበደኝ።

ሣጥኑ ነበር፣ ማይክራፎኑም ነበር። ውስጡ ያሉትን እንደ አምፖል የሚበሩ የመስታወት ቱቦዎች ግን ቦጎሚል ቪየና ላለ የአሮጌ ሬዲዮ ሰብሳቢ ሸጧቸው ኖሯል። ስልክ ደወለ፣ ለመነ፣ ተሳደበ፤ ሰውየው አልመልስም አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባዶውን ሣጥን በቦጎሚል መኪና ጭነን ስታኖቭ ዶል ሄድን።

የማውቀው መንደር አልነበረም። ሣሩ የሰው ወገብ ደርሷል፣ ምሰሶዎቹ ላይ ጡሩምባዎቹ ውስጥ ወፍ ጎጆ ሠርቷል። በየበሩ የተለጠፈውን የሙት ማስታወቂያ ፀሐይ አንጥታው፣ ፎቶው የማን እንደነበር አይለይም። አንድ ጭስ ማውጫ ብቻ ይጨሳል። ጋሽ ራንጌል ደጁ ላይ እንጨት ይፈልጥ ነበር፤ ሲያየን ፋሱን አስቀመጠ።

ቦጎሚል ያን ሁሉ መንገድ ያጠናውን ንግግር ረሳው። «ጋሼ... አመጣሁት» ብቻ አለ።

ጋሽ ራንጌል መኪናው ላይ ያለውን አየ። ከቤቱ ጎን ያለውን ትልቅ ጎተራ በር በሁለት እጁ ገፍቶ ከፈተውና «ወደዚህ አስገቡት» አለ።

ተከትዬ ገባሁ። ጎተራው ውስጥ የትምህርት ቤቱ ወንበሮች በረድፍ ተደርድረው ወደ ጥቁር ሰሌዳ ዞረዋል። በስተግራ የጤና ጣቢያው አግዳሚ ከግድግዳ ተጠግቷል፤ ከፊቱ «ተራ ይጠበቅ» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል። በስተቀኝ የፖስታ ቤቱ መስኮት፣ መስታወቱ ተወልውሎ። ወዲያ የስብሰባ አዳራሹ ወንበሮች፣ ወዲያ የአውቶቡስ ፌርማታው መቀመጫ። የተሰበረው ተጠግኗል፣ የተላጠው ተቀብቷል፤ የእኔ ቀይ ቁጥር ብቻ እንዳለ ቀርቷል። ቁጥሮቹን ሳነብ ገባኝ። ሁሉም ከዚህ ሸለቆ የተሰበሰበ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ከሸለቆው ውጭ የሆነ አንድ ወንበር ገዝቶ አያውቅም። ከመጋዘኑ ይህን ማየት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ምን እንደገዛ እንጂ ከየት የመጣውን እንደገዛ አይቼለት አላውቅም።

«ሶፊያ ያለው ደንበኛህስ?» አለ ቦጎሚል ቀስ ብሎ።

«የምን ደንበኛ?» አለ ጋሽ ራንጌል። ከልቡ ነበር የጠየቀው።

ከሰሌዳው አጠገብ አንድ ባዶ ቦታ አለ፤ ወለሉ ተጠርጓል፣ ልኩ በጠመኔ ተሰምሯል። ሣጥኑን እዚያ ስናሳርፈው መስመሩ ላይ ልክ ገጠመ።

ቦጎሚል ላቡን ጠረገ። «ጋሼ፣ ልንገርህ። ሆድ ዕቃውን ሸጬዋለሁ። ባዶ ነው።»

«አውቄያለሁ። ስናነሳው ቀለለኝ።»

«ፈልጌ አመጣልሃለሁ። ቪየና ድረስ እሄዳለሁ፣ በእናቴ ነፍስ!»

«ተወው» አለ ጋሽ ራንጌል። «ቢሠራስ ማን ይሰማዋል?»

ሰዓቱን አየ። አሥራ ሁለት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል፤ የሐምሌ ፀሐይ ገና በጎተራው በር ትገባለች። ከመጀመሪያው ረድፍ አንድ ወንበር ስቦ ሣጥኑ ፊት ተቀመጠ። ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። እኛ መኖራችንን የረሳ መሰለኝ፤ ወይም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ስላገኘ ይሆናል። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ትኩረት። ትኩረት» አለ ለሞተው ማይክራፎን። «ነገ እሑድ ነው። ውሃ አለ። የዳቦው መኪና ማክሰኞ ይመጣል። የጠፋ ከብት የለም።»

ዝም አለ። ከዚያ ጋሽ ራንጌል ድምፁን ሳይለውጥ እንዲህ አለ።

«ራንጌል፣ እራት ቀርቧል፤ ግባ።»

ተነሳ። ወንበሩን ወደ ረድፉ መለሰ። ፊቱን ወደኛ አዙሮ «ተጠርተናል፤ ኑ እንግባ» አለን።

ማድ ቤቱ ንጹሕ ነው። ምድጃው ላይ የቦሎቄ ሾርባ ይንተከተካል፣ የተጠበሰ ቃሪያ በሳህን አለ፣ የፕለም አረቄ በጠርሙስ አለ። ጠረጴዛው አጠገብ ግን ያለው አንድ ወንበር ብቻ ነው። ሁለት መቶ ወንበር ያለው ሰው፣ ማድ ቤቱ ውስጥ አንድ ወንበር! ጋሽ ራንጌል እሱንም ያን ጊዜ ያየው ይመስል መሃል ቤት ቆሞ ግራ ገባው።

«ሰው አይመጣም እኮ» አለ።

ቦጎሚል ወጥቶ ከጎተራው ሁለት ወንበር አመጣ። ጋሽ ራንጌል ቁጥራቸውን አየና «ያኛው ቫሲል ተማሪ እያለ የሚቀመጥበት ነው፣ ከሦስተኛው ረድፍ» አለ። ከዚያ ራሱን ገታና «ግድ የለም፤ ተቀመጡ» አለን። በላን። ሾርባው ጨው በዝቶበት ነበር፤ ለአንድ ሰው የተቀቀለ ስለሆነ ለሦስት ሲሆን ገና ሳንጠግብ አለቀ። ቦጎሚል አረቄው ሲሞቀው መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ጣለና «ሎት አሥራ ሰባት ለቤት ነው!» አለ። እኔም ብርጭቆዬን አንስቼ «ለቤትህ ይባርክልህ ጋሼ» አልኩት። ጋሽ ራንጌል እጆቹን እያየ «አሜን» አለ። ፈገግ ያለም መሰለኝ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወጣን። እስከ አጥሩ ድረስ ሸኘን። ቦጎሚል መኪናውን ሲያስነሳ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ቶሎ ብሎ ማውራት ጀመረ።

«በሚቀጥለው ሐራጅ ጠረጴዛችን ላይ ይቀመጣል፤ ታያለሽ። እየመጣን እንጠይቀዋለን። ወንበሮቹንም እዚያው ትተንለት መውጣታችን ጥሩ ነው። አሁን ሦስት ወንበር አለው። አይደለም?»

«አዎ» አልኩት።

«ምን ያደርጋል? ገባ?»

በጎን መስታወቱ አየሁ። ጋሽ ራንጌል ግቢውን እያቋረጠ ነበር። በግራ እጁ አንድ ወንበር፣ በቀኝ እጁ አንድ ወንበር አንጠልጥሎ ወደ ጎተራው ይሄዳል።

«ቆሞ እያየን ነው» አልኩት።